የሐረር ምራት

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፤ ባሌ የሐረር ልጅ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ቀልድ የሚከተል መስሎት ፈገግ ይላል። ሁለቱ ከተሞች በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ቢራራቁ ነው። ዳገቱን ሲወጡ ብርድ፣ ሲወርዱ ወበቅ ይቀበላል እንጂ ዘመዱ አንድ ነው፤ ሠርጉም ለቅሶውም አንድ ነው። ወሬ ላይ ሲደርስ ግን አንዱ ለሌላው አይራራም። እኛ እነሱን «ግንባቸውን ተደግፈው የተኙ» እንላቸዋለን። እነሱ እኛን «ከባቡር ወርደው መሳፈሩን የረሱ» ይሉናል። በተጋባን ሰሞን እኔና ባሌ በዚህ ስንቃለድ መዋል እንወድ ነበር። ቀልዱ ጥርስ ሲያወጣ ያየሁት በቅርብ ዓመታት ነው።

ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው። አባቴ የባቡር ሰው ነበር፤ ፈረንሳይኛን ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤት ይዞት ይመጣል። ሲደሰት በአማርኛ ያዜማል፣ ከጎረቤት ጋር በኦሮምኛ ይጫወታል፣ ሲናደድ በፈረንሳይኛ ይሳደባል። ስለዚህ መጀመሪያ ያወቅኳቸው የፈረንሳይኛ ቃላት ለእንግዳ የሚነገሩ አልነበሩም። የቀረውን ትምህርት ቤት አስተካከለልኝ፤ እንግሊዝኛም ጨመርኩበት፤ እነሆ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ንግግር ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ጆሮ ሳሻግር ኖርኩ።

እንግዳ ስቀበል የሚሆነውን ልንገራችሁ። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ድሬ ነው። በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ፊቱን ይመታዋል፤ ላቡን እየጠረገ ወደ እኔ ይመጣል፤ ገና ሰላም ሳንባባል «ሐረር ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ይለኛል። የሐረር ግንብ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል፤ በየመጽሐፉ፣ በየስልኩ አለ። ድሬ ደግሞ መኪና የሚቀየርባት፣ ውሃ የሚገዛባት ናት። አንዳንዱ የከዚራ ሰፈርን ዛፎች ከመስኮት ያይና «ይሄ ደግሞ የት ነው?» ይላል። «ያረፍክበት ከተማ ነው» እለዋለሁ። ባሌ ይህን ስነግረው ይስቃል። እኔን ግን አያስቀኝም።

ታዲያ አንድ ዓመት፣ የቆዩ የንግድ ከተሞችን የሚያስተሳስር የውጭ ማኅበር ከእኛ አካባቢ አንድ ከተማ በአባልነት ሊወስድ፣ ቀጣዩን ዓለም አቀፍ ጉባኤውንም እዚያው ሊያደርግ እንደሆነ ተሰማ። ሐረርም አመለከተች፣ ድሬም አመለከተች። ድሬ ውስጥ ነጋዴዎች፣ መምህራንና ጡረተኞች ተሰባስበው ኮሚቴ አቋቋሙ። ሊቀመንበራቸው ጡረታ የወጡ የትራንዚት ሰው ነበሩ። ሁልጊዜ ነጭ ሸሚዝ ይለብሳሉ፤ በዚያ ሙቀት እንኳ ሸሚዛቸው ሲጨማደድ አይቼ አላውቅም። ሰውየውን ክፉ አድርጌ ልስላቸው አልፈልግም። በየመንገዱ የደረቁ ችግኞችን ከኪሳቸው አውጥተው የሚያስተክሉ፣ የፈረሰ አጥር ሲያዩ ባለቤቱን በር ድረስ ሄደው የሚለምኑ ሰው ናቸው። ድሬን የሚወዷት ሰው የመጀመሪያ ልጁን እንደሚወደው ነው፤ ሌላ ልጅ ሲመሰገን ደማቸው ይፈላል።

የሐረር ኮሚቴ ተናጋሪ ደግሞ ማን ሆነ? የባሌ ታላቅ ወንድም፣ ዋርሳዬ። የታሪክ መምህር ነው፤ አንደበቱ የሚጣፍጥ፣ ሲናገር እጁን እንደ ሸማኔ የሚወረውር።

ባለቤቴና እኔ አርብ አርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ጀጎል፣ ከግንቡ ውስጥ ባለው የቤተሰቡ ቤት ምሳ እንበላለን። ኮሚቴዎቹ ከተቋቋሙ ወዲህ ምሳው መቆምጠጥ ጀመረ።

«ድሬ ምን ይዛ ነው የምትወዳደረው?» አለኝ አንድ ቀን ዋርሳዬ፣ ለሁላችንም በወተት የፈላውን ሆጃ እየቀዳ። «ገበያ ነው ያላት። ገበያ የትም አለ። ታሪክ ግን አይሸመትም።»

«የለበስከው ሸሚዝ ከታይዋን ነው የመጣልህ» አልኩት። ታይዋን የምንለው እኛው ጋ ያለውን፣ የውጭ ልብስና ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥበትን ገበያ ነው።

ሁሉም ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ቶሎ ሰበሰበና «ለሸሚዙ አመሰግናለሁ። ግን ሸሚዝ ለማየት ከፓሪስ የሚመጣ ሰው የለም» አለ።

ባሌን አየሁት። ዳቦ እየቆረሰ ነበር። ዳገቱን ስንወርድ መኪና ውስጥ «ለምን ዝም አልክ?» ብዬ ብጠይቀው «ታላቄ ነው፤ አንቺም ሚስቴ ነሽ። የት ልግባ?» አለኝ።

ኮሚቴው አስተርጓሚ ሲፈልግ ወደ እኔ መጣ፤ ፈረንሳይኛውንም እንግሊዝኛውንም የሚችል ብዙ ሰው ስለሌለ። ሊቀመንበሩ ቢሯቸው አስጠርተውኝ ሻይ አዘዙልኝ።

«ልጄ፣ ችሎታሽን አውቃለሁ» አሉኝ። «ግን የሐረር ምራት ነሽ። ልብሽ ከማን ጋር ነው?»

«ልቤ እዚሁ ነው፤ የተወለድኩት እዚህ ነው። አፌ ግን የተናጋሪው ነው።»

«እሱን ተይው። ልብሽ ካለ ይበቃል» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። የተናገርኩት ነገር ግማሹ እንዳልተሰማ ያኔ ገብቶኝ ነበር።

ከውጭ የመጡት ሁለት ነበሩ። አንዷ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ መነጽራቸውን በሰንሰለት አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ፈረንሳዊት ሴት፤ አንዱ ካሜራ የማይለየው ወጣት። ውሳኔው የሴትየዋ እንደሆነ አረማመዳቸው ይናገራል። የመጀመሪያው ቀን የድሬ ነበር። የቆየውን የባቡር ጋራዥ አሳየናቸው፤ ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ ያሉ ማሽኖች ዘይት ተቀብተው ቆመዋል። ሴትየዋ አንዱን ብረት በእጃቸው ዳበሱ። ከዚራን በእግር አቋረጥን። ቀፊራ ገበያ ገብተን ቅመም አሸተቱ።

ታይዋን ስንደርስ ኮሚቴው ውስጥ ነጋዴዎችን የምትወክለው ሴት ሱቅ ገባን። ትልቅ ሴት ናት፤ በሶማሊኛ አፍዋን የፈታች፣ በዐረብኛ የምትምል፣ በኦሮምኛ የምትከራከር። እኛ እዚያ ቆመን ሳለ ለአንዲት ገዥ ድርያ የሚባለውን ስስ ቀሚስ ስትሸጥ አራት ቋንቋ ቀያየረች፤ ዋጋውን ግን በአንዱም ቋንቋ አልቀነሰችም። ይህን ለሴትየዋ ብነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ግንብ የሌላት ከተማ ይህን ይመስላል ማለት ነው?» አሉኝ። ለሊቀመንበሩ ስተረጉምላቸው ፊታቸው በራ። በዚያች ሰዓት እያሸነፍን ነበር። ይህን ማንም ያየ ሰው ይመሰክራል።

ከምሳ በኋላ አዳራሽ ገባን። የኮሚቴው አባላት በሙሉ ነበሩ። ማራገቢያው ከላይ ይሽከረከራል፤ ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ከማዞር በቀር የሚጠቅመው የለም። ሴትየዋ ሁለት ሦስት ጥያቄ ጠየቁ፤ ስለ ማረፊያ፣ ስለ መንገድ። ሁሉም በጥሩ ተመለሰ። ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉና እንዲህ አሉ፦

«እናንተን ብንመርጥ፣ ከጎረቤታችሁ ከሐረር ጋር እንዴት ትሠራላችሁ? ጉባኤው የአካባቢው ሁሉ እንዲሆን ነው የምንፈልገው።»

ተረጎምኩት። ሊቀመንበሩ ተነሡ። ቀኑን ሙሉ መልካም ሲናገሩ የዋሉ ሰው፣ የሐረር ስም ሲነሣ አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ሲቆም አየሁት።

«ሐረር» አሉ፣ «ግንብ ናት። ከግንቡ ሌላ ምን አላት? የምትጠጣው ውሃ እንኳ ከእኛ ዘንድ ነው የሚሄድላት። በእኛ ስም፣ በእኛ አየር ማረፊያ፣ በእኛ ላብ ስትከብር ኖራለች። የሞተች ከተማ ናት፤ ጅብ ማየት የፈለገ ወጥቶ አይቶ ይመለስ። ከሞተ ጋር አብሮ መሥራት የለም።»

እጄ ላይ ያለው እስክሪብቶ ቆመ። አንዳንዶች ፈገግ አሉ፤ ከፊት የተቀመጡ አንድ መምህር ጮክ ብለው ሳቁ። ሁለቱ እንግዶች ፊቴን እያዩ ይጠብቃሉ። ወደ ሊቀመንበሩ ጠጋ ብዬ ድምፄን ዝቅ አደረግኩና «ይህን እንዳለ ልተርጉመው?» አልኳቸው።

«እንዴ! ታዲያ ለምን መጣሽ?» አሉ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «እንዳልኩት አድርገሽ ተርጉሚው። ወይስ ምራትነትሽ ያዘሽ?»

እንደገና ተሳቀ። ከዚያ እንዳሉት አድርጌ ተረጎምኩት። ቃል አልጨመርኩም፣ ቃል አልቀነስኩም። «የሞተች ከተማ» ስል ወጣቱ ካሜራውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ሴትየዋ መነጽራቸውን አወለቁና «አመሰግናለሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ የጠየቁት ነገር የለም። ከወዲያ በኩል የተቀመጠችው የታይዋኗ ነጋዴ ከንፈሯን ስትመጥ ሰማኋት።

በማግስቱ ሐረር ወጣን። እንግዶቹ አስተርጓሚ መቀየር ስላልፈለጉ እኔው ሄድኩ። ከግንቡ በሮች በአንዱ ገብተን በቀጫጭኑ መንገድ ዞርን፤ ሴትየዋ ወደዱት፣ ማን ይጠላዋል። እዚያም አንድ ባህላዊ ቤት ውስጥ ተቀመጥንና ያው ጥያቄ ተጠየቀ፤ ብትመረጡ ከድሬዳዋ ጋር እንዴት ትሠራላችሁ?

ዋርሳዬ ተነሣ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ድሬ እህታችን ናት» አለ። «እንግዳ ወደ እኛ የሚመጣው በእሷ ደጅ ነው። ውሃችንን ከእሷ እንቀዳለን፤ ይህን የማያመሰግን ሐረሬ የለም። ሐረር ትናንት ብትሆን ድሬ ዛሬ ናት። ትናንት ያለ ዛሬ ምን ይሠራል?»

ጆሮዬን አላመንኩም። ይህ ሰው ነው «ሸሚዝ ለማየት ማን ይመጣል» ያለኝ? ዓይን ለዓይን ተያየን። እሱ ፈጽሞ አላፈረም፤ እንዲያውም ቅንድቡን ትንሽ አነሣ፤ በይ እንግዲህ፣ እንደሚል። ተረጎምኩት። ይህንንም ቃል ሳልጨምር፣ ቃል ሳልቀንስ። አስተርጓሚ ድምፁን ቀዝቀዝ አድርጎ የሰውን ንግግር ሊገድል ይችላል፤ ይህን ጥበብ አውቀዋለሁ። አላደረግኩትም። ወርቅ የመሰለውን ንግግር ወርቅ አድርጌ አቀበልኩት፤ ውስጤ ግን እየነደደ ነበር።

ወደ ድሬ ስንወርድ ሴትየዋ ከአጠገቤ ተቀምጠው ነበር። የደንገጎን ተራራ አልፈን ሙቀቱ በመስኮቱ መግባት ሲጀምር ወደ እኔ ዞሩ።

«የትናንቱ ሰው ያሉት» አሉኝ፣ «የከተማው ሰው ሁሉ ሐሳብ ነው?»

መንገዱ ይጠመዘዛል። ሾፌሩ ፈረንሳይኛ አይሰማም። አይደለም፣ ሰውየው ተናደው ነው፣ የድሬ ሰው ልቡ ሰፊ ነው ብል ማንም አይከለክለኝም። የሐረሩም ተናጋሪ በቤቱ ሌላ ነው የሚያወራው ማለት እችል ነበር። ከንፈሬ ድረስ መጣ።

«እኔ አስተርጓሚ ነኝ፣ እመቤቴ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ያን መልስ ዛሬም አገላብጠዋለሁ። አንዳንድ ቀን ልክ ነበርኩ እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ እንጃ።

ውሳኔው የመጣ ቀን ሊቀመንበሩ ራሳቸው ደወሉልኝ። «ሐረር ናት» አሉኝ። ቀጥሎ የሚሉት ነገር ያለ መስሎኝ ጠበቅኩ። ስልኩን ዘጉት።

ከዚያ በኋላ ወሬው ተነሣ። ማን እንደጀመረው ዛሬም አላውቅም። በቴሌግራም ቡድኖች «አስተርጓሚዋ ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ?» የሚል ነገር መዞር ጀመረ። ሁለት ሆቴሎች አዘውትረው ይጠሩኝ ነበር፤ አንዱ ድንገት ሌላ ሰው እንዳገኘ ነገረኝ፣ ሌላው ስልኬን ማንሣት ተወ። ባሌ እዚሁ ድሬ ፋርማሲ አለው፤ ደንበኞቹ መድኃኒት እየተቀበሉ «እንኳን ደስ አላችሁ» ይሉት ጀመር፤ የነገር ደስታ። ቤት ሲገባ ጫማውን አውልቆ በረንዳው ላይ ይቀመጣል።

አንድ ረፋድ ከሳቢያን ሰፈር ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩ ወጣት ነው፣ ወሬ የሚወድ።

«አቦ እህቴ፣ ሰማሽ አይደል?» አለኝ ገና ሳንርቅ። «አንዲት አስተርጓሚ ለሐረር ሸጠችን አሉ። የኛ ሰዎች ማር ሲናገሩ እሷ ሬት አድርጋ ነው የምታስተላልፈው። ባሏ ከዚያ ነው።»

«አንተ ስትተረጉም ሰምተሃታል?»

«እኔ የት አውቃትና! ሰው ነው ያለው።»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ፍሬኑን ረገጠው። ከኋላ ያለው ጥሩንባውን ነፋ። ልጁ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ፤ ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ወላሂ አላወቅኩም፤ አፉ በይኝ» አለ። ትንሽ ከነዳ በኋላ ግን አላስቻለውም። «ግን … እውነት ነው እንዴ?»

«አይደለም» አልኩት። ያን ቃል ስናገር ድምፄ ለራሴም እንደ ውሸታም ሰው ድምፅ ተሰማኝ።

ኮሚቴው ግምገማ ጠራ። እኔም እንድገኝ ተነገረኝ። ባሌ «አብሬሽ ልሂድ» አለ።

«ብትመጣ ይብሳል። የሐረር ሰው አስከትላ መጣች ይላሉ።»

«ሐረር የተወለድኩት እኮ ወንጀል ሠርቼ አይደለም!» ብሎ ጮኸ። በትዳራችን ውስጥ ሲጮህ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ አፍሮ ወጣና ነጠላዬን ይዞ ተመለሰ። «በይ ሂጂ። አንገትሽን እንዳትደፊ።»

ያው አዳራሽ ነው። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል። መስኮቶቹ ተከፍተው ከውጭ የባጃጅ ድምፅ ይገባል። ሊቀመንበሩ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው ተነሡ።

«የተሸነፍነው በሥራ አይደለም» አሉ። «በአንደበት ነው። አንደበቱ ደግሞ የእኛ አልነበረም።»

ማንም ወደ እኔ አልዞረም፤ ሁሉም እኔን እያሰበ እንደሆነ ግን ከጀርባቸው ይታወቃል። እጄን አላነሣሁም፤ ዝም ብዬ ቆምኩ።

«የተናገርኩት እርስዎ ያሉትን ነው። ልተርጉመው ወይ ብዬ ጠይቄዎታለሁ። እንዳልኩት ተርጉሚው ብለውኛል፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«ከአፌ ስለ ሐረር ክፉ አልወጣም» አሉ ሳያዩኝ። «ስለ ውሃ ተናግሬያለሁ፤ እሱም ትስስራችንን ለማሳየት ነው። እዚህ ፈረንሳይኛ የሚሰማ ሰው አልነበረም። እሷ ምን ብላ እንዳቀበለች በምን እናውቃለን?»

ዞር ዞር ብዬ ፊቶቹን አየሁ። ያኔ ጮክ ብለው የሳቁት መምህር ጥፍራቸውን ያያሉ። ሌላው ስልኩን ገለበጠ። ከመካከላቸው ለሠርጌ ወጥ ያመላለሱ፣ ለአባቴ ቀብር አፈር ያለበሱ ሰዎች ነበሩ። እንግዲህ ልወጣ ነው ብዬ ቦርሳዬን አነሣሁ።

«ቁጭ በይ፣ አባዮ» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። አባዮ በሶማሊኛ እህቴ እንደማለት ነው። የታይዋኗ ነጋዴ ነበረች። ስትነሣ ወንበሩ አብሮ ተነሣ።

«እኔ ፈረንሳይኛ አላውቅም» አለች። «አማርኛዬም ስብርብር ነው፤ ልጆቼ ይስቁብኛል። ግን እዚህ አማርኛ የተወራው አማርኛ በሚሰሙ ሰዎች ፊት ነው። አንተ» አለች ወደ ሊቀመንበሩ፣ «ሐረር የሞተች ከተማ ናት ብለሃል። ጅብ ማየት የፈለገ ወጥቶ ይመለስ ብለሃል። ይህቺ ልጅ ልተርጉም ወይ አለች፤ በምራትነቷ ቀለድክባት። እናንተም ስቃችኋል። አንተ ስቀሃል፤ አንተም። እኔም ከንፈሬን መጥጬ ዝም አልኩ፤ ነውሩ የኔም ነው።»

«ነገሩን ከአውዱ አውጥተሽ ነው» አሉ ሊቀመንበሩ።

«አውድ ምንድነው? እሱን አላውቅም። ቃሉን ነው የማውቀው።»

አንድ ሰው ሳቀና ቶሎ ዋጠው። ሊቀመንበሩ ቆመው ቀሩ። ያ የማይጨማደድ ሸሚዝ ብብቱ ላይ ረጥቦ ነበር። ከዚያ ቁጭ አሉና ለራሳቸው ያህል «ለድሬ ብዬ ነው» አሉ። በዚያች ቅጽበት እንደ አባቴ ሽማግሌ ሆነው ታዩኝ፤ ያ ሁሉ ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ይቅርታ አልጠየቁኝም። ጸሐፊው «እንግዲህ ትምህርት ተወስዷል» ብሎ ስብሰባውን ዘጋው።

ደረጃው ላይ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ክንዴን ያዙኝ። «ልጄ፣ እውነትሽን ነው» አሉኝ። «ግን ትንሽ ስኳር ጣል ብታደርጊበትስ? የከተማሽ ጉዳይ አይደል?» እስከ ትናንት የከሰሱኝ አጣመምሽው ብለው ነው፤ አሁን ደግሞ ለምን አላጣመምሽውም ተባልኩ።

በማግስቱ ነጋዴዋን ላመሰግን ታይዋን ሄድኩ። ጨርቅ እያጣጠፈች አገኘኋት። ምስጋናዬን ስጀምር እጇን አወናጨፈች።

«ላንቺ ብዬ አይደለም» አለች። «እኔ ያ ጉባኤ እንዲመጣ ካንቺ በላይ እፈልግ ነበር። እንቅልፍ ነው ያጣሁት። አንቺን ሰቅለን ብንገላገል ግን ለሚቀጥለው ያንኑ ሰውዬ፣ ያንኑ አፍ ይዘን እንወጣለን። ከሐረር ጋር መፎካከር ደስ ይለኛል። ውሸት ይዞ መፎካከር ግን ዕቃ ሳይኖር ሱቅ እንደመክፈት ነው።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ቆይ፣ ዋርሳሽ ሰው እንደሚያወራው እውነት እንደዚያ ብሏል? እህታችን ናት ብሏል?»

«ብሏል።»

«ቤቱ ውስጥስ ምን ይላል?»

የተጣጠፈውን ጨርቅ ደግሜ ማጣጠፍ ጀመርኩ። ትልቁን ሳቋን ሳቀች። «ብልጥ ነው! እንዲህ ያለ ውሸታም ለኛ ቢወለድልን!»

ለአርቡ ምሳ አልሄድም ብዬ ነበር። ባሌ አልለመነኝም፤ መኪናውን አስነሥቶ ደጅ ጠበቀኝ። ስንደርስ ቤቱ በደስታ ተሞልቷል፤ ሐለዋ በየሳህኑ ተደርድሯል። ዋርሳዬ በር ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ።

«ምራታችን! ካንቺ የተሻለ አስተርጓሚ የለም። ያን ንግግር አሳምረሽ አደረስሽልኝ።»

ሁሉም ድሬ ላይ የደረሰብኝን ሰምቷል።

«ንግግርህ ያምር ነበር» አልኩት። «ብታምንበት ደግሞ ይበልጥ ያምር ነበር።»

የሐለዋው ሳህን እጁ ላይ ቀረ። እናታቸው ከጥግ «ልጄ፣ ተይ» አሉኝ። እሱ ግን ሳህኑን አስቀመጠና ተቀመጠ። «እኛም እንፈራለን እኮ» አለ፣ ያን የሚጣፍጥ ድምፁን ትቶ። «ወጣቶቻችን ሥራ ፍለጋ የሚወርዱት ወዴት ነው? ወደናንተ። ግንቡ ብቻ ነው የቀረልን እያልኩ የማድርበት ቀን አለ። ስለዚህ ድሬ ገበያ ናት እንላለን። ቤት ውስጥ እንላለን።»

ከዚያ በፊት ስለ ሐረር እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ባሌም አልሰማም መሰለኝ፤ ታላቁን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያየው ሰው ያየው ነበር። ምሳውን በልተን ስንጨርስ ዋርሳዬ ለጉባኤው አስተርጓሚ ሁኚልን አለኝ።

«እሆናለሁ። እንግዶቹ ግን አንድ ሙሉ ቀን ድሬ ይዋሉ።»

«ኮሚቴው አይሰማኝም።»

«እህታችን ናት ብለሃል። አሰማቸው።»

ጥያቄዬን ለኮሚቴው ወሰደው፤ ተከራከሩበት፤ ግማሽ ቀን ፈቀዱ። ግማሽ ቀኑም ሆነ። ጉባኤተኞቹ ዳገቱን ከመውጣታቸው በፊት ረፋዱን የባቡሩን ጋራዥ አዩ፣ ከዚራን ዞሩ፣ ነጋዴዋ ታይዋን ላይ ተቀብላ ሳምቡሳና ጭማቂ ጋበዘቻቸው፤ ከእነሱም ለሦስቱ ሽርጥ ሸጠች። ሊቀመንበሩ ሳይጠሩ መጥተው ከሕዝቡ ኋላ፣ ከአንድ ሱቅ ጥላ ሥር ቆመው አየኋቸው። ሰላም ልላቸው ስጠጋ አንገታቸውን ነቅነቅ አደረጉልኝና ሄዱ። አውቶቡሶቹ ሲነሡ እኔም ተሳፈርኩ፤ አንዲት እንግዳ ከአጠገቤ ተቀምጣ «ሌላ ጊዜ እዚህ ድሬ መቆየት ይቻላል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የድሬን ሆቴሎች እየቆጠርኩላት ዳገቱን ወጣን።